የምክር ቤት ምርጫ ውጤት በወንበር ብዛት ብቻ አይለካም

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የቂርቆስና የካዛንቺስ ነዋሪ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በየምርጫ ጣቢያው ደጃፍ ተሰልፎ ዋለ። ሰልፉ አላልቅ በማለቱ ምርጫ ቦርድ የድምፅ መስጫውን ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት አራዘመ። የቀን ሠራተኛው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዋ፣ በጡረታ የሚኖረው አዛውንት ሁሉም ካርዳቸውን ይዘው ተራቸውን ጠበቁ። ውጤቱ ሲገለጽም ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ሁሉንም ብልጽግና ፓርቲ ማግኘቱ ታወቀ። መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲሱ ምክር ቤት ተሰብስቦ ሥራውን ጀመረ፤ ወይዘሮ አዳነች አቤቤም የከተማይቱ ከንቲባ ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ዜናው እዚህ ላይ ያበቃል። የዜና ሥራው ቁጥርን ማድረስ ነውና አንወቅሰውም። የዚህ ዓምድ ሥራ ግን ሌላ ነው። ለመሆኑ የአንድ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ «ውጤት» ሲባል ምን ማለት ነው? በጣቢያው በር ላይ የተለጠፈው አኃዝ ነውን? ወይስ ካርዱን ከሳጥኑ የከተተው ነዋሪ፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ የወከላቸውን ሰዎች ፊት ለፊት አግኝቶ «ይህን ለምን አደረጋችሁ? በዚያን ጊዜስ ለምን ዝም አላችሁ?» ብሎ ሊጠይቅ መቻሉ? እኛ ሁለተኛው ነው እንላለን። ይህንንም የምንለው ከመጽሐፍ የቀሰምነውን ንድፈ ሐሳብ ለመድገም አይደለም፤ የቂርቆስና የካዛንቺስ የራሳቸው ታሪክ ስለሚመሰክር ነው።

በመጀመሪያ መራጭ ይባል የነበረው ማን እንደሆነ እንመልከት። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራው ድርጅት በምሕጻር «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ወራሪው ተባርሮ ሲወጣ ስሙ በሕዝባችን አፍ «ካዛንቺስ» ሆኖ ቀረ። ሰፈሩ እንግዲህ ከስሙ ጀምሮ የቤት ጉዳይ ነው፤ ቤቱን ማን ይሠራል፣ ለማን ይሠራል፣ ማንስ ይወጣበታል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ተለይቶት አያውቅም። ቂርቆስ ደግሞ በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም የተጠራ፣ ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ጎን ያደገ፣ ሠርቶ አደሩ ተጠጋግቶ የኖረበት ሰፈር ነው።

ከነጻነት በኋላ በወጣው የ1946 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቻርተር መሠረት ከተማይቱ የተመረጡ አባላት ያሉበት ምክር ቤት ነበራት። ይሁንና በዚያ ምርጫ ለመሳተፍ በከተማው ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ያስፈልግ ነበር። ከንቲባውም በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾም እንጂ በነዋሪው የሚመረጥ አልነበረም። ነገሩ ተፍታትቶ ሲታይ እንዲህ ነው፦ ቤቱን የሚያከራየው ይመርጣል፤ በቤቱ ውስጥ የሚኖረው አይመርጥም። ከነዋሪው የሚበዛው ተከራይ በሆነባት ከተማ ይህ ማለት ምክር ቤቱ የባለቤቶች ማኅበር ነበር ማለት ነው። የኪራይ ዋጋ፣ የመንገድ ሥራ፣ የውኃ ቧንቧ፣ የቦታ ድልድል የሚመከርበት አዳራሽ ኪራይ በሚሰበስበው ወገን ተይዞ ሳለ ኪራይ ከፋዩ ከደጅ ቆሞ ይሰማ ነበር። መስማት እንኳ ከቻለ።

ይህ ሁኔታ የተገለበጠው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አነስተኛ ኪራዮች ተቀነሱ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩትን ቤቶች የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ እንዲያስተዳድሩ ተደረገ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ነዋሪው በቀበሌው ተሰብስቦ መሪዎቹን መረጠ። በመጀመሪያው ዓመት ትርፍ ቤት የተወረሰባቸው ባለቤቶች ከምርጫው ውጭ እንዲሆኑ ተደረገ። ትናንት ለባለቤቱ እጅ ነሥቶ የሚኖረው ተከራይ ዛሬ የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ የፍርድ ሸንጎ ዳኛ፣ የኅብረት ሱቅ ኃላፊ ሆነ። በዚያች ዓመት ቂርቆስ ውስጥ ለነበረ ሰው ይህ የመፈክር ጉዳይ አልነበረም፤ በገዛ ግቢው ውስጥ ቀና ብሎ የመሄድ ጉዳይ ነበር። ማንም የዚያን ዘመን ጥፋት የሚቆጥር ሰው ይህን አንድ እውነት መዝለል አይገባውም።

ጥፋቱንም መዝለል አይቻልም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት ነዋሪው የመረጠው ቀበሌ ጠመንጃ ታጠቀ፣ እስር ቤት ከፈተ፣ የጎረቤትን ልጅ በሌሊት ከቤቱ ወሰደ። ነዋሪው ስለ ውኃ ቦኖና ስለ ስኳር ራሽን በመከረበት ግቢ ውስጥ ወጣቶች ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ ብዙዎቹም አልተመለሱም። እንደዚህ ባሉ የጋዜጣ ገጾች ላይ በዚያን ጊዜ ይጻፍ የነበረው ግን ስለ ድሉ ብቻ ነበር። ሂስና ግለ ሂስ የሚለው ቃል በየዓምዱ ይደጋገም እንጂ ሂሱ ራሱ የትም አይገኝም ነበር። እነሆ የመጀመሪያው ትምህርት፦ በ1967 ዓ.ም. የመራጩ ክበብ ሰፍቶ ነበር፤ የተጠያቂነቱ መንገድ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ዞረና ተመራጩ ለነዋሪው መልስ መስጠቱ ቀርቶ ነዋሪው በተመራጩ ፊት እየተጠራ ቃሉን ይሰጥ ጀመር። ብዙ ሰው መምረጡ ብቻውን ከዚህ አላዳነም።

ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ የነበረውን ስንመለከት ደግሞ ሌላ ዓይነት ችግር እናገኛለን። አንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አለው ይላል፤ በዚያው አንቀጽ ውስጥ የከተማው አስተዳደር ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ ነው ይላል። እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሰላም ሲሆን ተስማምተው ይኖራሉ፣ ችግር ሲመጣ ግን የቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ይታያል።

በ1997 ዓ.ም. ታየ። ግንቦት 7 ቀን በተደረገው ምርጫ ቅንጅት ለአንድነትና ለዲሞክራሲ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ፤ ለኢሕአዴግ አንድ ብቻ ቀረለት። በወንበር ብዛት ከተለካ ከዚህ የበለጠ ድል አልነበረም። ነገር ግን ያ ምክር ቤት ከተማይቱን አልመራም። በውጤቱ ላይ በተነሣው ክርክር አሸናፊዎቹ አስተዳደሩን ሳይረከቡ ቀሩ፤ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት በፓርላማው የተሰየመው አጣሪ ኮሚሽን እንዳረጋገጠው 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ፤ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ከተማይቱ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ ለሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። የቂርቆስ ነዋሪ ድምፁን የሰጠው ለአንድ ወገን፣ የሚያስተዳድረው ሌላ፣ የሚሾመው ደግሞ ሦስተኛ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ሚዛኑ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግ ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ብዙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ከምርጫው ራሳቸውን ባገለሉበት ሁኔታ 138ቱንም ወሰደ። የዚያ ምክር ቤት ዘመን አምስት ዓመት ሆኖ ሳለ የ2010ሩ የአካባቢ ምርጫ ተላለፈ፤ ከዚያም ለ2012 ዓ.ም. የታሰበው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተላለፈ። በዚህም ምክንያት ለአምስት ዓመት የተመረጠው ምክር ቤት ስምንት ዓመት ቆየ። ከዚያ በኋላ የመጣው በመግቢያችን የጠቀስነው የ2013ቱ ውጤት ነው።

አንባቢያችን እነዚህን አራት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው፦ 137፣ 137፣ 138፣ 138። በ1997 እና በ2000 ዓ.ም. መካከል ያለው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ የካዛንቺስ ሕዝብ ልቡ ከዳር እስከ ዳር ተገልብጦ ነውን? በየዘመኑ ስለ ምርጫው አካሄድ የቀረቡትን አቤቱታዎች ለጊዜው ወደ ጎን እንተዋቸውና የምርጫው ደንብ ራሱ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። በአገራችን የሚሠራበት ደንብ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ብልጫ ያገኘው ያሸንፋል የሚል ነው። አንድ መቶ ሰው ቢመርጥና አንደኛው 45፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 20 ድምፅ ቢያገኝ ወንበሩ በሙሉ የአንደኛው ነው፤ የቀሩት 55 ሰዎች ወደ ቤታቸው የሚሄዱት ያለ ወኪል ነው። በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ይኸው ከተደጋገመ ምክር ቤቱ አንድ ቀለም ይሆናል፤ ከተማው ግን አንድ ቀለም አልነበረም። ስለዚህ 138 ከ138 የሚለው ቁጥር የነዋሪውን አሳብ የሚያሳይ መስተዋት አይደለም። የሚያሳየን ወንበሩን ማን እንደያዘ ነው፤ ከዚያ አይዘልም።

ይህን ስንል ደንቡ ነገ ይለወጥ ብለን ለመፈክር አይደለም፤ መለወጥ ይገባው እንደሆነ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ተቃዋሚ ወንበር በሌለበት ምክር ቤት ውስጥ የጠያቂውን ወንበር መያዝ ያለበት ነዋሪው ራሱ ነው። ከምክር ቤቱ ውስጥ የማይነሣ ጥያቄ ከዕድሩ፣ ከተከራዮች ማኅበር፣ ከሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ መነሣት አለበት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ደንግጓል። ይህ ድንጋጌ በወረቀት ላይ ተኝቷል። በቂርቆስ የቀበሌ ቤት ግቢዎች ውስጥ ስሙን የሚያነሣ ብርቅ ነው፤ የምርጫ ቅስቀሳ በሚደረግበት ወቅት እንኳ ማንም እጩ «እኔን ልታወርዱኝ ትችላላችሁ፣ መንገዱም ይህ ነው» ብሎ ሲያስተምር አልተሰማም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ ትናንት ነው የሚል ይኖራል። ወደ 2017 ዓ.ም. እንምጣ።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተጀመረው የኮሪደር ልማት በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ካዛንቺስ ደረሰ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቤቶች ምልክት ተደረገባቸው፣ ነዋሪው ዕቃውን ጫነ፣ ማፍረሻ ማሽን ገባ። ለዓመታት የአዝማሪ ድምፅ ይሰማበት የነበረው የፈንድቃ ግቢ ሳይቀር ፈረሰ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማይቱ ዳርቻዎች ተዛወሩ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት ቀላል ንግግር ሰምተናል፤ ሁለቱንም አንቀበልም። አንደኛው ፈርሶ የተሠራው ሁሉ ዕድገት ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው የፈረሰው ሁሉ ቅርስ ነበር የሚለው ነው። የካዛንቺስ ጭቃ ቤት ጣሪያው የሚያፈስ፣ ግድግዳው ያዘመመ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ የሚጠቀምበት ነበር። ይህን ኑሮ እንደ ቅርስ የሚያሞካሸው ሰው ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያላደረ ነው። ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መሄጃ፣ የፍሳሽ መስመር፣ የመንገድ መብራት ለከተማ ያስፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ያ የሚያፈስ ጣሪያ የሠርቶ አደሩ ጣሪያ የሆነው በቦታው ምክንያት ነበር። በሆቴል የምትሠራው የፅዳት ሠራተኛ፣ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ፣ ጫማ ጠራጊው ሥራቸው በእግር የሚደረስበት ነበር። የትራንስፖርት ሒሳብ ከደመወዛቸው አይቀነስም ነበር። እናት ለሌሊት ፈረቃ ስትወጣ ልጇን የምታስቀምጠው በጎረቤት ቤት ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው፣ ንፍሮውን የሚቀቅለው፣ ሬሳውን የሚያጅበው ዕድር በዚያው ሰፈር ነበር። እነዚህ ነገሮች በካሣ ቅጽ ላይ ቦታ የላቸውም፤ የሠራተኛው ኑሮ ግን በእነርሱ ላይ የቆመ ነው።

ይህ እንግዲህ ከምክር ቤት ምርጫ ጋር ምን ያገናኘዋል? እጅግ ያገናኘዋል። የአገራችን የምርጫ ሕግ መራጩን የሚያውቀው በሚኖርበት ቦታ ነው፤ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። ላብ አደሩ የሚመርጠው በሚያድርበት እንጂ በሚሠራበት አይደለም። ሰፈሩ ሲነሣ መራጩም ከምርጫ ክልሉ ይነሣል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ካዛንቺስ ላይ ተሰልፎ ድምፅ የሰጠው ሰው በ2017 ዓ.ም. ገላን ጉራ ቤቱን ሲያደራጅ የመረጠው ሰው ወንበር ካዛንቺስ ቀረ። አዲሱ ሰፈር ደግሞ የራሱ ተመራጮች አሉት፤ እነርሱን ግን እርሱ አልመረጣቸውም። በዚህ መካከል ነዋሪው «ጥያቄዬን ለማን ላቅርብ?» ሲል የሚሰጠው መልስ አይታወቅም። የድሮው ተመራጭ «አሁን የእኔ ክልል ነዋሪ አይደሉም» ቢለው፣ አዲሱም «እኔ ሳልመረጥ የሆነ ነገር ነው» ቢለው፣ ሁለቱም በደንብ ቋንቋ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ነዋሪው ግን ያለ ወኪል ይቀራል። ይህ በማንም ክፋት የሆነ ሳይሆን ማንም ሳያስብበት የሆነ ቢሆን እንኳ ውጤቱ አንድ ነው። በ1946 ዓ.ም. ቤት ስላልነበረው ድምፅ ያጣው ተከራይ ከሰባ ዓመት በኋላ ቤቱ ስለተነሣበት ወኪሉን አጣ።

ትምህርታችንን በአውሮፓ በተከታተልንበት ዘመን ቪየና ከተማ አልፈን ነበር። በዚያች ከተማ የሠራተኛ ሰፈሮች ውስጥ ስንዘዋወር በትልልቅ የመኖሪያ ሕንጻዎች ግድግዳ ላይ በጉልህ ፊደል የተጻፈ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ደጋግመን አየን። ጽሑፉ ሕንጻውን የሠራው የቪየና ማዘጋጃ ቤት መሆኑን፣ በየትኛው ዓመት እንደሠራው፣ ገንዘቡም ከቤት ሥራ ግብር የተገኘ መሆኑን ይናገራል። በመጀመሪያ ጌጥ መስሎን ነበር። ታሪኩን ስንጠይቅ ግን ሒሳብ መሆኑ ገባን።

የቪየናም ምክር ቤት እንደ እኛው የ1946ቱ ምክር ቤት በአንድ ወቅት የባለ ንብረትና የከፍተኛ ግብር ከፋይ ምክር ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 በግንቦት ወር መጀመሪያ ሴቱም ወንዱም፣ ተከራዩም ባለቤቱም እኩል የመረጡበት የመጀመሪያው ምርጫ ተደረገ፤ የሠራተኛው ፓርቲ ከ165 መቀመጫዎች 100 አገኘ። ነገር ግን ያንን ምርጫ በታሪክ ያስጠራው መቶው ወንበር አይደለም። የከተማው የገንዘብ ኃላፊ ሁጎ ብራይትነር ድሃው በትንሹ፣ ባለጸጋው በብዙ የሚከፍልበት የቤት ሥራ ግብር እ.ኤ.አ. በ1923 አስጀመረ፤ በዚህ ገንዘብ እስከ 1934 ድረስ ከ60 ሺህ በላይ የመኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። በእያንዳንዱም ሕንጻ ላይ ከማን ተሰብስቦ፣ በማን ተወስኖ፣ መቼ እንደተሠራ ተጻፈ። መራጩ ሂሳቡን ለመጠየቅ ቢሮ መሄድ አላስፈለገውም፤ ከሥራ ሲመለስ በደጁ ላይ ያነበዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1934 ያ ምክር ቤት በኃይል ሲበተን፣ ሕንጻዎቹም በመድፍ ሲደበደቡ፣ ጽሑፉ ከብዙዎቹ ግድግዳዎች ላይ አልጠፋም።

የቪየናን ልምድ እንዳለ አንሥተን ካዛንቺስ ላይ እንትከለው አንልም፤ የእነርሱ ኢኮኖሚ ሌላ፣ የእኛ ሌላ ነው። ወደ ዳርቻ የተላከ የለም ማለታችንም አይደለም። የምንወስደው አንድ ነገር አለ፦ የተመረጠ ምክር ቤት ያወጣውን ገንዘብና የወሰደውን ውሳኔ ነዋሪው ሳይለምን ሊያይ በሚችልበት ቦታ ማኖር ይቻላል። የአዲስ አበባ ምክር ቤት ለ2017 በጀት ዓመት ያጸደቀው ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ከካዛንቺስ ለተነሣው ነዋሪ ምትክ ቤት፣ ለካሣ፣ ለአዲሱ ሰፈር ውኃና ትምህርት ቤት የዋለው ስንት ነው? ነጻ የሆነው መሬት ለማን፣ በምን ውል፣ በስንት ተላለፈ? ይህን አኃዝ ማውጣት ለአስተዳደሩ ከባድ አይደለም፤ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ከባዱ ነገር መጠየቁ ነው። የሚጠየቅ ከሌለ ማንም ሒሳቡን በግድግዳ ላይ አይጽፍም።

እዚህ ላይ ለዕድር ሰብሳቢዎችና ለሠራተኛ ማኅበራት አባላት አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። የካዛንቺስ ዕድሮች አባሎቻቸው በየአቅጣጫው ሲበተኑ ገንዘቡን ተከፋፍለው መፍረስ ወይም መዝገቡን ይዘው መቀጠል የሚል ምርጫ ፊታቸው ተደቅኗል። መዝገቡን ያዙ እንላለን። ያ መዝገብ የቀብር መዋጮ ደብተር ብቻ አይደለም፤ ማን ከየትኛው ግቢ ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ በነዋሪው በራሱ እጅ የተጻፈ ዝርዝር ነው። መንግሥት የራሱ ዝርዝር አለው፤ ሁለቱ ሲተያዩ ነው ቤት የደረሰውና ያልደረሰው የሚለየው። በየድርጅቱ ያላችሁ የሠራተኛ ማኅበራትም በሥራ ቦታ ያላችሁት እንደቀድሞው አንድ ላይ ናችሁ፤ መኖሪያችሁ ቢራራቅም ጥያቄያችሁን በአንድ ቦታ ማሰባሰብ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ በአዲሱ ሰፈር የመራጭነት ምዝገባችሁን አረጋግጡ። የ2013ቱ ምክር ቤት የተመረጠው ለአምስት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በሚመጣ ማናቸውም ምርጫ ስሙ በአሮጌው መዝገብ ላይ ቀርቶ በአዲሱ ያልተጻፈ ሰው ተሰልፎ ቢውል እንኳ ድምፅ አይሰጥም።

ተመራጮቹንም እንዲሁ አንተዋቸውም። በምክር ቤቱ ውስጥ በጉዳዩ ላይ ምን ተባለ? ድጋፍ የሰጠው ማን፣ ጥያቄ ያነሣው ማን፣ ስለ ተከራዩ፣ ስለ ደባሉ፣ በቀበሌ ቤት ውስጥ ስሙ ሳይመዘገብ ለዓመታት ስለኖረው ቤተሰብ የተናገረ ነበረን? የቀበሌ ቤት ውል የያዘው ሰው ምትክ ሲያገኝ በጓዳው ተከራይቶ ይኖር የነበረው ሰው ግን በማንም ቅጽ ላይ አይገኝም። በ1967 ዓ.ም. አዋጁ ሊደርስለት የወጣለት ያ ተከራይ ይኸው ነው፤ አምሳ ዓመት ቆይቶ ዛሬም ከደጅ ቆሟል። የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ተመራጭ የሆነ ሰው ይህን በቁጥር ይዞ ካልተነሣ ማን ይዞ ይነሣል?

ተመራጩ ከእንግዲህ መራጩን ለማግኘት በእግሩ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ካዛንቺስ መናኸሪያ ቢመላለስ አይበቃውም። አውቶቡስ ተሳፍሮ ገላን ጉራ ይሂድ፤ እንደ ነዋሪው ሰልፍ ቆሞ፣ እንደ ነዋሪው ከፍሎ ይሂድ። በእሑድ፣ ሰው ከሥራ በሚያርፍበት ቀን ይሁን። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ውኃው ወይም ስለ ትራንስፖርቱ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን «ቤታችን ሊፈርስ ሲወሰን እርስዎ ምን አሉ?» የሚል ነውና ቃለ ጉባኤውን ይዞ ይሂድ።